ማስነሻ ስክሪፕት ውስጥ ኤክሴክ፦ ባሹን ከመሀል እንዴት ላውጣው?

የቱሉዲምቱ_ልጅ

ሰላም ናችሁ ቤቶች። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ፣ የአዳማው የክፍያ መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም የማይርቅ መጋዘን ውስጥ ነው። ከባድ መኪኖች ሲገቡና ሲወጡ የሚመዘኑበት ሚዛን አለን። የሚዛኑን ቁጥር የሚቀበል በጃቫ የተሠራ ፕሮግራም አንድ ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ይሠራል፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው፣ እሱም እዚያው ሰርቨር ላይ ነው ያለው። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ምዝገባ ወዲያው አይጽፍም፣ ጥቂት ሰብስቦ ነው ወደ ዳታቤዙ የሚልከው። ሲዘጋ ደግሞ በእጁ የቀረውን ጽፎ እንዲወጣ ተደርጎ ነው የተሠራው። ማለትም በወጉ ከተዘጋ ምንም አይጠፋም።

እዚህ አካባቢ መብራት ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። ዩፒኤስ አለን፣ ባትሪው ሲዳከም ሰርቨሩ ራሱን እንዲዘጋ አድርገነዋል። ጃቫውን የሚያስነሳውና የሚያቆመው ሱፐርቫይዘር የሚባል ፕሮግራም ነው። ግን በቀጥታ አይደለም፣ ሱፐርቫይዘር የሚያስነሳው አንድ የባሽ ስክሪፕት ነው (ባሽ ትእዛዝ የሚቀበለው ሼል ነው)። ስክሪፕቱ ፎልደር ይቀይራል፣ የዳታቤዙን አድራሻ ምናምን ኤክስፖርት ያደርጋል፣ የመቆለፊያ ፋይል ይፈጥራል፣ ከዚያ ጃቫውን ይጠራል። ጃቫው ሲጨርስ የመቆለፊያ ፋይሉን አጥፍቶ ሎግ ላይ «ቆሟል» ብሎ ይጽፋል። ቢያንስ ሐሳቡ እንደዚያ ነበር።

አሁን የማየውን ልንገራችሁ። ከማቆሜ በፊት ፒኤስ ስል (የሚሠሩትን ፕሮሰሶች የሚዘረዝረው ትእዛዝ) ከሚታዩት ዋናዎቹ ሁለቱ እነዚህ ናቸው፦

2310 ባሽ ማስነሻ (ወላጁ ሱፐርቫይዘር)
2318 ጃቫ (ወላጁ 2310)

ሱፐርቫይዘሩን «አቁም» ስለው ወዲያው «ቆሟል» ይለኛል። መልሼ ፒኤስ ስል ግን 2310 የለም፣ 2318 እዚያው አለ፣ ወላጁ 1 ሆኗል። ጃቫው ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ይሠራል። የመቆለፊያ ፋይሉን አጥፍቼ እንደገና ሳስነሳ «ፖርቱ ተይዟል» ይለኛል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ የመቆለፊያ ፋይሉ ሳይጠፋ ስለሚቆይ ስክሪፕቱ «ሌላ እየሠራ ነው» ብሎ አልነሳም ይላል፣ ሰው ሄዶ በእጁ ማጥፋት አለበት። ከሁሉ የከፋው ግን የጠፉት ምዝገባዎች ናቸው፣ መኪናው ተመዝኖ ወጥቷል፣ ሹፌሩ ወረቀቱን ይዟል፣ እኛ ጋ ግን የለም።

አንድ ጓደኛዬ «የመጨረሻው መስመር ፊት ኤክሴክ ጨምር» አለኝ። ላፕቶፔ ላይ አጭር ስክሪፕት ጽፌ በስሊፕ (ዝም ብሎ የሚጠብቅ ትእዛዝ) ሞከርኩት፣ እውነትም ባሹ ጠፍቶ ስሊፕ ብቻውን ይታያል። ሰርቨሩ ላይ ስጨምረው ግን ባሹ አሁንም አለ፣ ምንም አልተለወጠም። ለምን? ኤክሴክ በትክክል የሚሠራውስ ምንድን ነው? ከሱ በታች ያሉት መስመሮች ምን ይሆናሉ? ሥራ ላይ ባለ ሰርቨር ላይ ሳይገባኝ ምንም መንካት አልፈልግም።


ገላን_ማዶ

ጓደኛህ ትክክለኛውን ነገር ነው የነገረህ፣ ወንድሜ። ግን ጉዳዩ ከመጀመሪያው ይግባህ፣ ያኔ ሌላው ሁሉ ቀላል ይሆናል።

ባሽ አንድ ፕሮግራም ስታዘው የሚያደርገው ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ ፎርክ ያደርጋል፣ ማለትም ራሱን ያባዛል። ከዚያ ልጁ ኤክሴክቪኢ የሚባለውን የከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ጥሪ ይጠራና በውስጡ ያለውን የባሽ ኮድ ጥሎ የጃቫን ኮድ ይጭናል። ወላጁ ባሽ ደግሞ ልጁ እስኪጨርስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሁለት ፕሮሰስ ያየኸው ለዚህ ነው።

ኤክሴክ ስትል የመጀመሪያው ደረጃ ይቀራል። ፎርክ የለም። ባሹ ራሱ ኤክሴክቪኢን ይጠራና ራሱ ጃቫ ይሆናል። ሚኒባሱ ያው፣ ታርጋው ያው፣ የተቀየረው ሹፌሩ ብቻ ነው። ታርጋው ፒአይዲው፣ ማለትም የፕሮሰሱ መለያ ቁጥር ነው፣ አይለወጥም። ወላጁም አይለወጥም፣ ያለበት ፎልደርም፣ ኤክስፖርት ያደረግካቸውም፣ የተከፈቱት ፋይሎችም (ልዩ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር) እንዳሉ ይቀጥላሉ። የሚጠፋው የባሹ የራሱ ነገር ነው፦ ፈንክሽኖቹ፣ ኤክስፖርት ያልሆኑ ቫሪያብሎቹ፣ ትራፖቹ (ምልክት ሲመጣ ወይ ሲወጣ አድርግ የተባላቸው)፣ እና ገና ያልተነበቡት የስክሪፕቱ መስመሮች።

በዓይንህ ለማየት ተርሚናል ክፈትና ኤኮ $$ በል። $$ ማለት የዚህ ሼል ፒአይዲ ነው። 5120 አለህ እንበል። ቀጥለህ ኤክሴክ ባሽ በል፣ ከዚያ ደግመህ ኤኮ $$። አሁንም 5120። አሁን ደግሞ ያለ ኤክሴክ ባሽ ብቻ ብለህ ጠይቀው፣ ቁጥሩ ይለያል። ይሄን በእጅህ ካየህ ግማሹ ገብቶሃል ማለት ነው።

ያንተ ችግር ከዚህ ጋር እንዴት ይገናኛል? ሱፐርቫይዘር የሚያውቀው ራሱ ያስነሳውን ፒአይዲ ብቻ ነው፣ 2310ን። አቁም ስትለው ሲግተርም (በወጉ ዝጋ የሚል ምልክት) የሚልከው ለሱ ነው። ባሹ ደግሞ ትራፕ ስላልተሰጠው ምልክቱን ሲያገኝ ይሞታል። ለልጁ አያስተላልፍም! ብዙ ሰው ባሽ ምልክቱን ወደ ታች የሚያወርድ ይመስለዋል፣ አያወርድም። ጃቫው ወላጁ ይሞትበትና 1 ቁጥር (የሲስተሙ የመጀመሪያ ፕሮሰስ) ይረከበዋል፣ ማንም «ዝጋ» አላለውም። ሱፐርቫይዘርም ከሱ እይታ አልዋሸህም፣ እሱ የሚያውቀው ፕሮሰስ ቆሟል። በኤክሴክ ግን 2310 ራሱ ጃቫ ይሆናል፣ ምልክቱም ቀጥታ ጆሮው ላይ ይደርሳል። ጃቫ ሲግተርም ሲመጣለት የመዝጊያ ሁኮቹን (ሲዘጋ እንዲሠራ የተጻፈውን ኮድ) ያስኬዳል፣ ምዝገባዎቹን የሚጽፈው ኮድም እዚያ ውስጥ ነው መሆን ያለበት።

ኤክሴክ ከተሳካ ከሱ በታች ያለ መስመር አይሠራም፣ የሚመለስበት ሼል የለምና። የሰርቨሩን ነገር ግን የመጨረሻውን መስመር ሳላይ መናገር አልችልም። እንዳለ ለጥፈው፣ ሳታሳጥር።


የቱሉዲምቱ_ልጅ

$$ን አሁን ሞከርኩት፣ ልክ እንዳልከው ነው። እግዜር ይስጥልኝ። መስመሩ ይሄው፦

ኤክሴክ ጃቫ -ጃር ሚዛን.ጃር 2>&1 | ቲ -ኤ ሚዛን.ሎግ


አያት_ጨፌ

ተገኘ። ፓይፕ አለ፣ | የሚለው ምልክት፣ የጃቫውን መውጫ ለቲ የሚያሳልፍ። ቲ ደግሞ የተቀበለውን እያሳየ ፋይል ላይም ይጽፋል።

ባሽ ፓይፕ ሲያይ ግራና ቀኙን እያንዳንዳቸውን በየራሳቸው ሰብሼል (የሼሉ ቅጂ የሆነ ልጅ ፕሮሰስ) ውስጥ ነው የሚያስኬደው። ኤክሴክ የሚለውጠው ደግሞ የተጠራበትን ሼል ብቻ ነው። ስለዚህ አንተ የለወጥከው የግራውን ሰብሼል ነው፣ እሱ ደግሞ ያለ ኤክሴክም ጃቫ ይሆን ነበር። ዋናው ባሽ ሁለቱ እስኪጨርሱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ላፕቶፕህ ላይ የሠራው ፓይፕ ስላልነበረ ነው። በቅንፍ ውስጥ ብታደርገውም፣ መጨረሻው ላይ & ብትጨምርበትም ያው ነው፣ ዋናው ሼል አይነካም።

ሎጉን ከፈለግህ ቲ የግድ አይደለም። ኤክሴክ ሌላ ሥራም አለው፦ ከኋላው ፕሮግራም ሳትሰጠው አቅጣጫ ማዞሪያ ብቻ ብትሰጠው ሼሉን አይለውጥም፣ የሼሉን መውጫና መግቢያ ነው የሚቀይረው። እንደዚህ፦

ኤክሴክ >> ሚዛን.ሎግ 2>&1
ኤክሴክ ጃቫ -ጃር ሚዛን.ጃር

የመጀመሪያው መስመር «ከአሁን ጀምሮ የምትናገረው ሁሉ እዚህ ፋይል ላይ ይግባ» ነው። ሁለተኛው ሲመጣ ጃቫው ያንን የተከፈተ ፋይል ይወርሳል። ፓይፕ የለም፣ ሰብሼል የለም።

እኔ ብሆን ግን ያንንም ትቼ ሎጉን ለሱፐርቫይዘር ነው የምሰጠው። የመውጫ ሎግ ፋይል የሚባል ቅንብር አለው፣ ስህተት መውጫውን አብሮ እንዲጽፍ የሚያደርግም አለው። ፋይሉ 50 ሜጋባይት ሲሞላ በራሱ ይቀይረዋል፣ የድሮዎቹን 10 ያስቀምጣል፣ ካልነካኸው በቀር ይሄ ነው ልኩ። የሎግ ፋይል ዲስክ ሞልቶ ዳታቤዝ ሲያቆም አይቻለሁ፣ ስለዚህ ይሄን እንደ ትርፍ ነገር አትየው።

አሁን የመቆለፊያ ፋይሉ። ከታች ያሉት መስመሮች አይሠሩም ተብለሃል፣ ታዲያ ማን ያጠፋዋል? ማንም ማጥፋት የለበትም፣ ዘዴው ራሱ ነው መቀየር ያለበት። የፋይሉ መኖር ብቻ ምልክት ከሆነ መብራት በድንገት በሄደ ቁጥር ፋይሉ ሳይጠፋ ይቀራል፣ ኤክሴክ ኖረም አልኖረም። ቁልፉን ከርነሉ ይያዝልህ፦

ኤክሴክ 9> ሚዛን.ቁልፍ
ኤፍሎክ -ኤን 9 || ኤግዚት 1
ኤክሴክ ጃቫ -ጃር ሚዛን.ጃር

9 ቁጥር ፋይል ዲስክሪፕተር ላይ ፋይሉን ትከፍታለህ። ኤፍሎክ ቁልፉን ይይዝበታል፣ ሌላ ሰው ይዞት ከሆነ ሳይጠብቅ ይወጣል። ከዚያ ባሹ ጃቫ ሲሆን 9 ቁጥር እንደተከፈተ አብሮ ይሻገራል፣ ቁልፉም እንደተያዘ ይቆያል። ጃቫው በሰላም ቢዘጋ፣ በሲግኪል (በግድ የሚገድል ምልክት) ቢገደል፣ መብራት ቢሄድ፣ ፕሮሰሱ ከሌለ ቁልፉ የለም። ፋይሉ ዲስኩ ላይ ቢቀር ምንም ማለት አይደለም፣ ባዶ ፋይል ነው፣ ማንም ሄዶ አያጠፋውም። ኤክሴክን ከወደድኩባቸው ነገሮች ትልቁ ይሄ ነው፣ የማጽዳት ሥራ ከስክሪፕቱ ላይ ይወርዳል።

አንድ ማሳሰቢያ። ይሄ ባሽ ላይ ነው። ስክሪፕትህ የመጀመሪያ መስመር ላይ ባሽ ብሎ ካልጠራና በኤስኤች ከተነሳ ኡቡንቱ ላይ የሚያስኬደው ዳሽ የሚባል ሌላ ሼል ነው፣ ከ6.10 እትም፣ ማለትም ከ2006 ጀምሮ እንደዚያ ነው። ከላይ የጻፍኳቸው ዳሽ ላይም ይሠራሉ። ግን ቲን በግድ ለማቆየት ብለው > >(…) የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ፣ እሱ ዳሽ ላይ አይሠራም።


የሱሉልታው

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ታሪኩ ማንም ስላላነሳ ልጨምር፣ ምክንያቱም ነገሩ እንዴት እንዲህ እንደሆነ ያስረዳል።

ዩኒክስ ገና ፒዲፒ-7 የሚባለው ማሽን ላይ በነበረበት ጊዜ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970 መባቻ በፈረንጆቹ፣ መጀመሪያ ፎርክ አልነበረም። ሼሉ ትእዛዙን ያነባል፣ ከዚያ የትእዛዙ ኮድ ሼሉ ላይ ይጻፍበታል፣ ሼሉ ይጠፋል። ትእዛዙ ሲጨርስ ሲስተሙ አዲስ ሼል ያመጣል። ማለትም ዛሬ «ልዩ» የምንለው የኤክሴክ አካሄድ ያኔ ዋናው መንገድ ነበር። ፎርክ በኋላ ነው የመጣው፣ ለፒዲፒ-7 27 መስመር የአሴምብሊ ኮድ ብቻ ነበር የፈጀው።

ፎርክ ሲገባ ደግሞ ፎልደር መቀየሪያው መሥራት አቆመ። ለምን? ልጁ ፎልደር ቀይሮ ይሞታል፣ ወላጁ የነበረበት ነው። ለዚህ ነው ዛሬ ሲዲ የሼሉ የራሱ የውስጥ ትእዛዝ የሆነው። ኤክሴክም በዚያው ምክንያት ነው የውስጥ ትእዛዝ የሆነው። ውጪ ያለ ፕሮግራም ቢሆን ልጁን እንጂ ሼሉን ሊለውጥ አይችልም ነበር። የገላኑ ወንድማችን የተናገረውን «ፎርክ ይቀራል» የሚለውን ከዚህ ጋር አያይዙት።

ሌላው። ኤክሴክ ፕሮግራሙን ካላገኘስ? ስክሪፕት ውስጥ ከሆነ ባሹ በ127 ይወጣል፣ ፋይሉ ኖሮ የማስኬድ ፈቃድ ከሌለው በ126። የታች መስመሮች ያኔም አይሠሩም። ስህተቱን ይዛችሁ ሌላ ነገር ማድረግ ከፈለጋችሁ ባሽ ላይ ኤክሴክፌይል የሚባል አማራጭ በሾፕት ትእዛዝ ታበራላችሁ፣ ያኔ ስክሪፕቱ ይቀጥላል። ዳሽ ላይ ይሄ የለም። ደግሞም ኤክሴክ የሚፈልገው እውነተኛ ፋይል ነው፣ ራሳችሁ የጻፋችሁትን ፈንክሽን ወይ አልያስ ብትሰጡት አያውቀውም።

እና ትራፕ! «ስወጣ ይሄን አድርግ» ብላችሁ ኤግዚት ትራፕ ያስቀመጣችሁ ኤክሴክ ሲሳካ አይጠራም። ሼሉ አልወጣማ፣ ተለወጠ እንጂ። ጊዜያዊ ፋይል የሚያጠፋ ትራፕ ያለበት ስክሪፕት ላይ ኤክሴክ ስትጨምሩ ጊዜያዊ ፋይሎቹ ይጠራቀማሉ፣ ለወራት ማንም ላያየው ይችላል።


ጀማሪ_ከኮዬ

ይቅርታ በመሀል ልግባ። እኔ ከላይ ያለውን አንብቤ ተርሚናሌ ላይ ኤክሴክ ኤልኤስ ብዬ ጻፍኩ፣ መስኮቱ ብልጭ ብሎ ተዘጋ። ተበላሸ ማለት ነው?


ገላን_ማዶ

አልተበላሸም፣ አይዞህ። መስኮቱን ከፍቶ የያዘልህ ባሹ ነበር። ባሹን ወደ ኤልኤስ ለወጥከው፣ ኤልኤስ ዝርዝሩን አሳይቶ ጨረሰ፣ ፕሮሰሱ አበቃ፣ መስኮቱም ተዘጋ። በኤስኤስኤች ገብተህ ቢሆን ኖሮ ግንኙነቱ ይቋረጥ ነበር።

ተርሚናል ላይ ጥሩ ጥቅሙ ቅንብርህን ቀይረህ አዲስ ሼል ስትፈልግ ነው፣ ኤክሴክ ባሽ ብትል አዲሱ ባሽ በአሮጌው ቦታ ይገባል፣ ሼል በሼል ላይ አይደረደርም። ግን ከዚህ ጋር የሚመጣ አንድ አደጋ አለ፣ እሱን ሳልነግርህ ባልፍ ደስ አይለኝም። ሰዎች ባሽአርሲ ፋይላቸው (ባሽ ሲነሳ የሚያነበው ቅንብር) ውስጥ «ኤክሴክ ዚሽ» ብለው ይጽፋሉ፣ በገቡ ቁጥር ሼላቸው ዚሽ (ሌላ ሼል) እንዲሆንላቸው። ይሄ ሩቅ ያለ ሰርቨር ላይ ሲሆን በኤስሲፒ ፋይል ልትልክ ስትል ይበላሻል፣ ምክንያቱም ያ ፋይል ሰው በሌለበት ግንኙነትም ሊነበብ ይችላል። ዚሽ ራሱ ተነስቶ ወዲያው የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ መግባት አትችልም፣ ባሹ የለማ የሚመለስበት። የግድ ከሆነ መጀመሪያ $- ውስጥ የአይ ፊደል መኖሩን አረጋግጥ፣ ማለትም ሰው ፊት ለፊት ያለበት ሼል መሆኑን። ከሱ ይልቅ በሲኤችኤስኤች የመግቢያ ሼልህን መቀየር ይሻላል። ስትሞክርም ሁለተኛ ግንኙነት ክፍት አድርገህ ሞክር።


ለገጣፎ_02

ዶከር ላይ (ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል የተከለለ ቦታ ውስጥ የሚያስኬድ ነው) ለምትሠሩ ይሄው ጉዳይ ሌላ መልክ አለው፣ እዚህ ስላለን ልጨምረው።

ኮንቴይነር ውስጥ የመጀመሪያው ፕሮሰስ ፒአይዲው 1 ነው። ከርነሉ 1 ቁጥርን በተለየ ዓይን ያየዋል፦ ለምልክቱ ራሱ ማስተናገጃ ካላዘጋጀ በቀር ሲግተርም አይገድለውም። ማስነሻ ስክሪፕታችሁ ባሽ ሆኖ 1 ቁጥር ላይ ከተቀመጠ ዶከር «አቁም» ሲለው ባሹ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል፣ አይሞትም፣ ለልጁም አይናገርም። ዶከር 10 ሰከንድ ይጠብቅና በሲግኪል ሁሉንም ይጨርሳቸዋል። መውጫ ኮዱ 137 ከሆነ፣ ማለትም 128 እና 9፣ የሆነው ይሄ ነው። አንድ ኮንቴይነር ለመቆም ሁልጊዜ 10 ሰከንድ አካባቢ የሚፈጅባችሁ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት እሱን ነው።

መድኃኒቱ ስክሪፕቱን በዚህ መጨረስ ነው፦

ኤክሴክ "$@"

$@ ለስክሪፕቱ የተሰጡት አርጉመንቶች በሙሉ ናቸው። ትእምርተ ጥቅሱን አትርሱ፣ ከሌለ ክፍት ቦታ ያለባቸው አርጉመንቶች ይሰነጣጠቃሉ። የፖስትግሬስ የዶከር ኢሜጅ ማስነሻ ስክሪፕት የሚያበቃው በዚሁ ነው። ዶከርፋይል ውስጥም ትእዛዙን በተራ ጽሑፍ ከጻፋችሁት ዶከር ራሱ ኤስኤች ይጨምርበታል፣ በቅንፍ ዝርዝር ከጻፋችሁት ግን አይጨምርም። ስለዚህ በዝርዝር ጻፉት።

የኮዬው ልጅ ምናልባት ግራ ይገባሃል፦ ባሽ -ሲ ብለህ አንድ ቀላል ትእዛዝ ብቻ ከሰጠኸው ባሽ ራሱ ኤክሴክ ያደርገዋል፣ ሳትነግረው። ከሱ ቀጥሎ ሌላ ትእዛዝ ሲኖር ነው ባሹ የሚቀረው። ስለዚህ «እኔ ጋ ያለ ኤክሴክም ይሠራል» የሚል ሰው ሲያጋጥምህ ከትእዛዙ በታች አንድ መስመር ጨምርበትና ፒኤስ በል።


የቱሉዲምቱ_ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ያየችልኝ የአያቷ እህቴ፣ ፓይፑን በራሴ አላገኘውም ነበር።

አንድ ነገር ቀረኝ። አለቃዬ ፕሮግራሙ ከቆመ በኋላ ስክሪፕቱ ለስልኩ መልእክት እንዲልክለት ይፈልጋል፣ እሱ የግድ ከጃቫው በኋላ መሠራት አለበት። ከኤክሴክ ጋር አይሄድም ማለት ነው?


አያት_ጨፌ

ከኤክሴክ ጋር አይሄድም፣ አዎ። ባሹ የግድ መቆየት ካለበት ታማኝ መልእክተኛ አድርገው። ጃቫውን በ& ከኋላ ታስነሳለህ፣ $! ውስጥ ያለውን ፒአይዲ ትይዛለህ፣ ሲግተርም ሲመጣ ለዚያ ፒአይዲ የሚያስተላልፍ ትራፕ ታስቀምጣለህ፣ ከዚያ ዌይት (ልጁ እስኪጨርስ ጠብቅ) ትላለህ። ጃቫውን ፊት ለፊት ካስነሳኸው ባሽ ትራፑን የሚያስኬደው ጃቫው ካለቀ በኋላ ነው፣ ስለዚህ & የግድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ምልክቱ ሲመጣ ዌይት ራሱ ይቋረጣል፣ ጃቫው ግን ገና እየጻፈ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ዌይት ጨምርበት፣ አለበለዚያ ባሹ ቀድሞ ይወጣና ወደ ጀመርክበት ትመለሳለህ።

ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ለአንድ የስልክ መልእክት ብዬ ይሄን ሁሉ አላደርግም። ሱፐርቫይዘር ፕሮሰስ ሲቆም ክስተት ያሰራጫል፣ መልእክቱን ለሚሰማ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ስጠው። ማስነሻው በኤክሴክ ይጠናቀቅ። ከጃቫው ጋር በአንድ ፒአይዲ ላይ ምንም ሌላ ሥራ አታደርብ።

ስቶፕአዝግሩፕ የሚባል የሱፐርቫይዘር ቅንብርም ይነግሩሃል፣ ምልክቱን ለቡድኑ በሙሉ የሚልክ። ይሠራል። ስክሪፕቱን መንካት ካልተፈቀደልህ ተጠቀምበት። ግን ባሹ ቀድሞ ይሞትና ሱፐርቫይዘር «ቆሟል» ይላል፣ ጃቫው ገና እየጻፈ ሊሆን ይችላል። ላንተ ትልቁ ነገር ደግሞ መጻፉ ነው።


የቱሉዲምቱ_ልጅ

አደረግኩት። ፓይፑን አወጣሁ፣ ሎጉን ለሱፐርቫይዘር ሰጠሁ፣ ቁልፉን በኤፍሎክ ቀየርኩ፣ የስልኩን መልእክት ከስክሪፕቱ አወጣሁት። አሁን ፒኤስ ስል አንድ መስመር ብቻ ነው፣ ጃቫ፣ ወላጁ ሱፐርቫይዘር። አቁም ስለው ጥቂት ሰከንድ ይቆያል፣ ሎጉ ላይ የቀሩትን ምዝገባዎች እየጻፈ እንደሆነ ይታያል፣ ከዚያ ይዘጋል። ዛሬ መኪና ባልነበረበት ሰዓት የዩፒኤሱን ገመድ ነቅለን ባትሪው እስኪዳከም ጠበቅን፣ ሰርቨሩ ተዘጋ፣ ሲነሳ ማንም ሳይነካው ፕሮግራሙ ተነሳ፣ የጎደለ ምዝገባም የለም። የጃቫው መውጫ ኮድ ግን 143 ነው የሚለው፣ ይሄ ችግር አለው?


የሱሉልታው

143 ማለት 128 እና 15 ነው፣ 15 ደግሞ ሲግተርም። ጃቫ በሲግተርም በወጉ ተዘግቶም ይሄንኑ ኮድ ነው የሚመልሰው፣ አያስፈራህም። ወደፊት ሱፐርቫይዘርን ትተህ በሲስተምዲ (ኡቡንቱ ላይ አገልግሎቶችን የሚያስነሳውና የሚዘጋው) ብታስነሳው ግን ሲስተምዲ 143ን እንደ ውድቀት ይቆጥረዋል፣ ስለዚህ የስኬት መውጫ ኮድ በሚለው ቅንብር 143ን ጨምርለት።

ሁለት ነገር ግን ዛሬውኑ እይ። ሱፐርቫይዘር ሲግተርም ከላከ በኋላ ካልነገርከው 10 ሰከንድ ብቻ ነው የሚጠብቀው፣ ከዚያ በሲግኪል ነው። ብዙ መኪና የገባበት ቀን የሚጻፈው ይበዛል፣ ስለዚህ ስቶፕዌይትሴክስ የሚለውን የሱፐርቫይዘር ቅንብር ወደ 60 አሳድገው። ከዚያ በላይ አትሂድ፣ ሲስተምዲ ራሱ ሱፐርቫይዘርን የሚጠብቀው 90 ሰከንድ ነው፣ ዩፒኤስህም ከዚያ በላይ መያዝ መቻሉን አረጋግጥ።

ሁለተኛው ፖስትግሬስ ነው። ሰርቨሩ ሲዘጋ ሲስተምዲ ቅደም ተከተል ካልተነገረው ፖስትግሬስንና ሱፐርቫይዘርን እኩል ሊዘጋቸው ይችላል፣ ያኔ ጃቫው ሊጽፍ ሲል ዳታቤዙ የለም። ዛሬ ሙከራህ የተሳካው የሚጻፈው ጥቂት ስለነበረ ሊሆን ይችላል። በሱፐርቫይዘር የሲስተምዲ ፋይል ላይ ከፖስትግሬስ በኋላ እንደሚነሳ ጻፍ፣ አፍተር በሚለው መስመር። ሲስተምዲ ሲዘጋ የሚሄደው በተነሱበት ቅደም ተከተል ተገላቢጦሽ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሱፐርቫይዘር ከነጃቫው ይዘጋል፣ ፖስትግሬስ ከዚያ በኋላ። ዋናውን ፋይል አትንካው፣ በሲስተምሲቲኤል ኤዲት ጨምርበት፣ ሱፐርቫይዘር ሲታደስ እንዳይጠፋብህ።